የታሉማ መርዶ

እስከ መጋቢት ሁለተኛ ቅዳሜ ድረስ ነገሩ እንዲህ ነበር። «ታሉማ» የተባለው የጣሊያን ኦፔራ ከተጻፈ መቶ አርባ አንድ ዓመት ሆኖታል። በአሥራ ዘጠኝ አገሮች ታይቷል፤ በታየ ቁጥርም ኢትዮጵያዊቷ ልዕልት ታሉማ ያለ አንዳች መዛነፍ ሞታለች። የምትሞተው በሦስተኛው ክፍል፣ በሙዚቃው ደብተር አራት መቶ አሥራ ሁለተኛ ገጽ ላይ ነው። ከበሮ አራት ጊዜ ይመታል። በሦስተኛው ምት ጩቤ ታነሣለች፤ በአራተኛው ትወድቃለች። ኦፔራውን የደረሰው ሰው ከጣሊያን ወጥቶ አያውቅም፤ ኢትዮጵያ ምን እንደምትመስል ግን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ቤተ መንግሥቷ ከመርከብ ወደብ አጠገብ ነው፤ ዙሪያውን የተምር ዛፍ አለ፤ ንጉሧ ራምፋሮ ይባላል፤ ሕዝቧ አብዛኛውን ጊዜ ተንበርክኮ ይውላል።

ጆሃንስበርግ ያለ አንድ ቴአትር ቤት ይህንን ኦፔራ ለስድስት ቅዳሜ ሊያሳይ ተነሣ። አዘጋጁ ካርሚኔ የሚባል ጣሊያናዊ ነበር። ታሉማን የምትጫወተው ደግሞ ከቦሎኛ የመጣች ኢላሪያ የምትባል ስመ ጥር ዘፋኝ ናት።

በዚሁ ቴአትር ቤት ኮረስ፣ በኅብረት ዘማሪዎቹ መካከል፣ ኤርጎጌ የምትባል የሆሳዕና ልጅ አለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። በሳምንት አምስት ቀን አይቮሪ ፓርክ በሚገኘው የአጎቷ ልጅ የምሕረቱ ስፓዛ በሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ውስጥ፣ ከብረት ፍርግርጉ በስተኋላ ሆና፣ ዳቦና የስልክ ካርድ ትሸጣለች። ቴአትር ቤቱ ሲጠራት ሄዳ ትዘምራለች። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ቻይናዊት፣ አንድ ጊዜ ስፔናዊት፣ ሁለት ጊዜ መነኩሲት ሆናለች። ሁልጊዜም ከሠላሳ ሰው ጋር ነው። መድረክ ላይ ብቻዋን አንዲት ኖታ እንኳ ዘምራ አታውቅም። የምትመኘውም ይህንኑ ብቻ ነበር፤ አንድ ቀን ሠላሳው ሰው ዝም ብሎ እሷ ብቻዋን እንድትሰማ።

ካርሚኔ ቢሮው አስጠራት።

«ኢትዮጵያዊት መሆንሽን ዛሬ ነው የሰማሁት» አላት። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«የጠየቀኝ የለም። ባለፈው ዓመት ቻይናዊት ነበርኩ።»

«ከሀገርሽ አንድ ነገር ዘምሪልኝ። ጥንታዊ የሆነ።»

በቤተ ክርስቲያኗ በሕፃንነቷ የተማረችውን መዝሙር በሀዲይኛ ዘመረችለት። ካርሚኔ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ ቆየና ገለጠው።

«ይሄ ስዊድን ነው» አለ።

«ሚሲዮኖቹ ያመጡት ነው፤ እኛ ግን...»

«ድምፅሽ ግን ጥሩ ነው። ስሚኝ። ታሉማ ስትሞት ገረዷ ሬሳዋ ላይ ሙሾ ታወርዳለች። ስም የላትም፤ ደብተሩ ላይ ‹ሴት ባሪያ› ነው የሚላት። ግን ሙሾው አለ፤ በአንድ ቼሎ ብቻ ታጅባ፣ ብቻዋን። ለምርኮኞች የሚሆኑ አሥራ ሁለት እውነተኛ ኢትዮጵያውያን አምጪልኝ። ይቁሙ፣ ይንበርከኩ፣ ይዘኑ። ሥርዓት ይዘው ከቆሙልኝ ሙሾው ያንቺ ነው።»

«በወረቀት?»

«በቃሌ።»

ኤርጎጌ በታክሲ ቶኮዛ ድረስ ወረደች፤ ጋሽ ሀቢሶ ዘንድ።

ጋሽ ሀቢሶ ቶኮዛ ውስጥ ሱቅ አላቸው፤ ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። የእስላሙም የክርስቲያኑም የሆነው እድር የመርዶ ሰው እሳቸው ናቸው። ከአገር ቤት የሞት ወሬ ሲመጣ ወደ ሟች ዘመድ አይደወልም፤ ወደ ጋሽ ሀቢሶ ይደወላል። እዚህም አንድ ልጅ ሱቁ ውስጥ በጥይት ሲመታ ፖሊስ ለወንድሙ ከመንገሩ በፊት ጋሽ ሀቢሶ ይቀድማሉ። አሠራራቸው አንድ ነው። በዋዜማው አንድ ሰው ልከው ሐዘንተኛው እራት መብላቱን ያረጋግጣሉ። በሆነ ሰበብ ስልኩን ያስወስዱበታል፤ «ፌስቡክ ፊቱን ሳይታጠብ ነው መርዶ የሚናገረው» ይላሉ። ሊነጋጋ ሲል፣ የሱቁ መዝጊያ ከመነሣቱ በፊት፣ ሰው ሰብስበው በሩ ላይ ይቆማሉ። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ፣ አንዱ ከኋላ። ከሩቅ ጀምረው፣ አስቀምጠው፣ ቀስ ብለው ይናገራሉ። በአሥራ አንድ ዓመት አርባ አንድ መርዶ ተናግረዋል። ከአርባ አንዱ ራሱን የጎዳ የለም። የጠፋው አንድ ጥርስ ብቻ ነው፤ እሱም የራሳቸው።

«ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ልጄ» አሏት።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ስድስት ቅዳሜ ደግሞ ብዙ ነው።» የሒሳብ ደብተራቸውን ዘጉ። «አንቺ ለሙታናችን ስትዘምሪ ገበያ ነው ብለሽ አታውቂም። እንመጣለን። ለመሆኑ ጨዋታው ስለ ምንድን ነው?»

እዚህ ላይ ነው ኤርጎጌ የተሳሳተችው። ክፉ ነገር ለትልቅ ሰው በድንገት አይነገርም ተብላ ያደገች ልጅ ናት።

«አንድ ንጉሥ አሉ» አለች። «ትንሽ ደክሟቸዋል።»

«ይድናሉ?»

«እንግዲህ በእግዚአብሔር እጅ ናቸው።»

«ቤተሰብ አላቸው?»

«አንዲት ልጅ። ታዝናለች፤ ከዚያ መጋረጃው ይዘጋል።»

«ደህና» አሉ ጋሽ ሀቢሶ። «ያልከፋ ነገር ነው።»

በልምምዱ ቀን አሥራ ሁለቱ ሰዎች መጡ። ከመካከላቸው ጄፒ ጎዳና ላይ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚያከፋፍለው ስልጤው ሙደሲርና ሚስቱ ረሒማ ነበሩ። ረሒማ ባለፈው ዓመት ጻካኔ ውስጥ ወንድሟ ሱቁ በር ላይ ተገድሎባታል። የእሷንም መርዶ የተናገሩት ጋሽ ሀቢሶ ናቸው።

ካርሚኔ አሰልፎ አያቸው። አንድ የቆየ የፖስታ ካርድ በእጁ ይዞ ከሥዕሉ ጋር እያስተያየ በፊታቸው አለፈ። ጋሽ ሀቢሶ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ሰውዬ በእርግጥ ኢትዮጵያዊ ነው?» ሲል ኤርጎጌን ጠየቃት። «ረዘም ያለ አንገት ጠብቄ ነበር።»

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ ሀቢሶ።

«ቁመናዎትን አደነቀ።»

ልብስ ታደለ። የነብር ቆዳ የሚመስል ጨርቅና የላባ ዘውድ ነበር። ሙደሲር ጨርቁን ገልብጦ የውስጡን ስፌት እንደ ነጋዴ መረመረ።

«ያ ጀመዓ፣ ይሄ እኮ ባለፈው ለዙሉ ጭፈራ የተሰፋው ነው! ጠርዙ ላይ ‹ዙሉ፣ ትልቅ› የሚል ምልክት አለበት።»

«ልበሰው በቃ» አለችው ረሒማ። «አንተ ጋ ‹የቱርክ ብርድ ልብስ› የሚባለው ከየት ነው የሚመጣው?»

መብራቱም ለብቻው ታሪክ ነበረው። ድሮ ነጭ ዘፋኝ ታሉማን ስትጫወት ፊቷን ቡናማ ቀለም ትቀባ ነበር። ዛሬ ይህ ነውር ስለሆነ ካርሚኔ ቀለሙን ከፊቷ አንሥቶ አምፖሉ ላይ አደረገው። አንድ የማር ቀለም ያለው መብራት ኢላሪያ በሄደችበት ሁሉ ይከተላታል። ከብርሃኑ ክብ አንድ እርምጃ ከወጣች ወዲያውኑ ቦሎኛ ትገባለች። ያው መብራት ሙደሲር ላይ ሲያርፍ ደግሞ ወፍ በሽታ የያዘው አስመሰለው።

የመንበርከኩ ነገር አልሆነም። ሙደሲር «ለሰው አልሰግድም» አለ። ጴንጤዎቹም ተመካክረው ያንኑ አሉ። ካርሚኔ ሦስት ጊዜ ለመነ፤ በመጨረሻ ማስታወሻው ላይ «ኩሩ ምርኮኞች» ብሎ ጻፈ። በእረፍት ሰዓት ረሒማ ባሏን ለማሳቅ የጄፒን የገበያ ጥሪዋን በአማርኛም በዙሉኛም እየቀላቀለች ለቀቀችው፦ «ና ማማ፣ ብርድ ልብስ! ክረምት መጣ፣ ማማ፣ ሁለቱን ውሰጂ!» ካርሚኔ ከአዳራሹ ጫፍ እየሮጠ መጣ።

«ይሄ ነው! ይሄ ነው በረሃው! ምን ዓይነት ጸሎት ነው?»

ረሒማ ኤርጎጌን አየቻት። ኤርጎጌ መሬት መሬት አየች።

«የብርድ ጸሎት ነው» አለ ሙደሲር። ጸሎቱ በሁለተኛው ክፍል፣ ከመጋረጃ በስተኋላ ገባ።

ሦስተኛው ክፍል ግን ሲለማመዱት ምንም አይመስልም ነበር። ኢላሪያ ጉሮሮዋን ስለምትቆጥብ በሹክሹክታ ነው የምታልፈው። ጩቤው ከመጀመሪያው ትርኢት በፊት ከሰገባው ቢወጣ ገደቢስ ነው ትላለች፤ ስለዚህ ጣቷን ብቻ ታነሣለች። በደም የተነከረው የንጉሡ ካባ ገና ከልብስ ሰፊው አልመጣም።

«ይሄ ባለ ጎራዴ ማነው?» አሉ ጋሽ ሀቢሶ።

«የቬኒስ መርከበኛ ነው። እጮኛዋ።»

«ምን እያላት ነው?»

ኤርጎጌ ጣሊያንኛውን በደንብ ታውቀዋለች። መርከበኛው «አባትሽ ሞቷል፤ የገደልኩት እኔ ነኝ» ነበር የሚለው። ይህንን ብትናገር ምን እንደሚከተል ገባት። ጋሽ ሀቢሶ ጥያቄ ያነሣሉ፤ ካርሚኔ ይቆጣል፤ ሙሾው ይቀራል።

«ሰላምታ እያቀረበላት ነው» አለች።

ቅዳሜ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጋረጃው ተከፈተ። ከአንድ ሺህ ሰማንያው ወንበር ባዶ የቀረው ስልሳ ሦስቱ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ክፍል የብርዱ ጸሎት ሲሰማ ፊት የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ እንባቸውን ጠረጉ።

በሦስተኛው ክፍል መርከበኛው ገባ። የንጉሡን ካባ ታሉማ እግር ሥር ወረወረው። ካባው ከአንገቱ እስከ ወገቡ ቀይ ነበር።

«ኤርጎጌ» አሉ ጋሽ ሀቢሶ፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ። «ይሄ የማን ልብስ ነው?»

«ጋሼ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ደም ነው። ንጉሡ ሞተዋል?»

ኤርጎጌ ዝም አለች። ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ከጋሽ ሀቢሶ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም።

«እና ይሄ ሰውዬ ቆማ ነው መርዶ የሚነግራት? ብቻዋን? እህል ሳትቀምስ?»

«ገዳዩ ራሱ ሳይሆን አይቀርም» አለ ሙደሲር። «ጎራዴውን አላያችሁም? ወላሂ፣ እንዲህ ዓይነቱን ሸይጣንም አላሰበው።»

በዚህ ጊዜ ኢላሪያ ለሳምንታት የቆጠበችውን ድምፅ በአንድ ጊዜ አወጣችው። ቦሎኛም ሆነ ሚላኖ ይህን ጩኸት ጥሩ ዘፈን ነው ብለው ሰምተውታል። ረሒማ ግን ሌላ ቦታ ነው የምታውቀው። የራሷ ጩኸት ነበር፤ ባለፈው ዓመት፣ ጻካኔ።

ከበሮው አንድ ጊዜ መታ። ረሒማ ከሰልፉ ወጣች። ሁለተኛው ሲመታ ጋሽ ሀቢሶ በአገጫቸው ቀኝና ግራን አመለከቱ። በሦስተኛው ኢላሪያ ጩቤውን አነሣች። በሦስተኛውና በአራተኛው ምት መካከል ያለው ጊዜ ሁለት ሰከንድ ነው። በሁለት ሰከንድ ውስጥ ረሒማ ቀኝ ክንዷን፣ ሌላዋ ሴት ግራዋን፣ ጋሽ ሀቢሶ ከኋላ ወገቧን ያዟት። ሙደሲር ጩቤውን የሐዘንተኛ ስልክ እንደሚወሰድ አድርጎ በትሕትና ከእጇ ወስዶ ነብር ቆዳው ውስጥ ከተተው። የቀሩት ስምንት ሰዎች ዙሪያውን ከበቡ። መርከበኛውን ማንም በእጁ አልነካውም፤ ትከሻ በትከሻ እየሆኑ ገፍተው ከክቡ አስወጡት እንጂ።

አራተኛው ከበሮ መታ። ታሉማ አልወደቀችም።

የኦርኬስትራው መሪ ወደ መድረኩ አየ፣ ወደ ደብተሩ አየ፣ ከበሮ መቺውን ድገም አለው። አምስተኛው መታ። ስድስተኛው መታ። ከመድረኩ በላይ፣ ዘፈኑን ለተመልካች በእንግሊዝኛ የሚተረጉመው ሰሌዳ «ታሉማ ሞተች» ይላል።

«ልቀቁኝ!» አለች ኢላሪያ በእንግሊዝኛ፣ በሹክሹክታ። «መሞት አለብኝ!»

«አይዞሽ እህቴ» አለቻት ረሒማ በእንግሊዝኛ። «ሁሉም ሰው መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚለው።»

«አታውቂም እንዴ? እሞታለሁ እኮ!»

«አትሞቺም። እኛ እያለን አትሞቺም።»

አሥራ አንደኛው ከበሮ ላይ መሪው ተስፋ ቆርጦ ለቼሎው ምልክት ሰጠ። የሙሾው መግቢያ ነበር።

ኤርጎጌ ሦስት ዓመት የጠበቀችው ጊዜ መጣ። የምታለቅስለት ሬሳ ግን ቆሞ ይታገላል። ቆሞ በሚሄድ ሰው ላይ ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው፤ እናቷ ብትሰማ ለሳምንት አታናግራትም። ባትዘምር ደግሞ ሁለተኛ ዕድል የለም። ቼሎው መግቢያውን ተጫውቶ ጠበቃት።

በዚህ ቤት የሞተው ማነው? ንጉሡ ናቸው። ኤርጎጌ ጀርባዋን ለታሉማ ሰጥታ ወደ ቀኙ መጋረጃ ዞረች። እዚያ፣ ከመጋረጃው በስተኋላ፣ ንጉሥ ራምፋሮን የተጫወተው ሰው በሁለተኛው ክፍል ሥራውን ጨርሶ፣ ጢሙን አውልቆ፣ ወንበር ላይ ሳንድዊች ይበላ ነበር። ለእሱ ዘመረችለት። «ዓይንሽን ማን ይከድንልሻል» የሚለው ቃል በጣሊያንኛ ለሴትም ለወንድም አንድ ነበርና ምንም አልጎደለም። ድምፅዋ ባዶ አዳራሽ ውስጥ እንደሚፈስ ውኃ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ሰውዬው ማኘኩን አቆመ፤ ሳንድዊቹን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ብድግ ብሎ ቆመ። ኢላሪያ እንኳ መታገሏን ትታ ረሒማ ትከሻ ላይ ራሷን ጣለች። ሠላሳው የኮረስ ሰው ዝም ብሎ ነበር። ኤርጎጌ ብቻዋን ተሰማች።

መጋረጃው ሲዘጋ ካርሚኔ ከኋላ ደረሰ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«አበላሻችሁኝ! መቶ አርባ አንድ ዓመት! ትራጄዲ እኮ ነው! ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?»

«አባቷ የሞተባት ሴትዮ ደህና ናት?» አሉ ጋሽ ሀቢሶ። «ሾርባ ነገር ይሰጣት።»

ከመጋረጃው ማዶ ጭብጨባ ነበር። አንድ ደቂቃ ሆነ፣ ሁለት ሆነ። በሦስተኛው ደቂቃ ካርሚኔ መጮኹን ቀነሰ። በአራተኛው ጸጉሩን አስተካከለ። በአምስተኛው መድረክ ላይ ወጥቶ እጅ ነሣ። ለጋዜጠኞች «ይህን ሐሳብ ለአሥር ዓመት ሳሰላስለው ኖሬአለሁ» አለ። በማግሥቱ አንድ ሐያሲ በድረ ገጽ ላይ «አንድ አውሮፓዊ አዘጋጅ አፍሪካዊቷን ሴት በመጨረሻ ከሞት አዳናት» ብሎ ጻፈ።

ማክሰኞ ቀን ጋሽ ሀቢሶ ቴአትር ቤቱ ተጠሩ። በዚህ ቤት ወንበር ሲሰጣቸው የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር። ሙደሲር አስተርጓሚ ሆኖ አብሯቸው ተቀመጠ። ኤርጎጌ አልተጠራችም፤ ሱቅ ነበረች። ካርሚኔና ኢላሪያ ከጠረጴዛው ማዶ ነበሩ። ካርሚኔ «የባህል አማካሪ» የሚል የአንገት ካርድ ለጋሽ ሀቢሶ አጠለቀላቸው።

«አንድ ጥያቄ ብቻ አለን» አለች ኢላሪያ። «በእናንተ ባህል አባት ሲሞት ሙሾ የሚያወርደው ማነው? ልጁ ናት ወይስ ገረዷ?»

ጋሽ ሀቢሶ በቁም ነገር አሰቡ። መርዶን በተመለከተ ተጠይቀው ዋሽተው አያውቁም።

«ልጅ እያለች ገረድ አትቀድምም» አሉ። «ልጅየዋ ናት።»

«አየህ?» አለች ኢላሪያ ወደ ካርሚኔ ዞራ። «እኔ ከሞትኩ ገረዷ ትዝፈን። ካልሞትኩ ግን ሟቹ አባቴ ነው።»

ሙደሲር መተርጎሙን አቆመ።

«ምን አለች?» አሉ ጋሽ ሀቢሶ።

«ሙሾውን ወሰደችው።»

«የማንን ሙሾ? የኤርጎጌን? አይሆንም! እኔ የተናገርኩት ስለ ባህል ነው፤ ስለ ሥራ አይደለም። እሷ እኮ ዘምራዋለች!»

ሙደሲር ተረጎመ። ካርሚኔ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ባህላችሁን ማክበር። ኤርጎጌ ታሉማን ከሚይዙት ጋር ትሁን። የአገራችሁ ሰዎች ሲይዙ አቤት እውነተኛነቱ!»

ሙደሲር በባኪው፣ በጭነት ፒክአፑ፣ ጋሽ ሀቢሶን ወደ ቶኮዛ ይመልሳቸው ጀመር።

«ማን ይነግራታል?» አለ መንገድ ላይ። «እኔ በዋትሳፕ ልጻፍላት?»

«አፍህን ያዝ» አሉ ጋሽ ሀቢሶ።

ረቡዕ ማታ ምሕረቱ ኤርጎጌን እራት ካልበላሽ ብሎ አስቸገራት፤ ሁለት ጊዜ ጨመረላት። ስልኬ ባትሪ ጨረሰ ብሎም ስልኳን ወሰደባት። ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል የሱቁ የጓሮ በር ተንኳኳ። ኤርጎጌ ከፈተች። ጋሽ ሀቢሶ መሃል ላይ ቆመዋል። ሙደሲር በቀኝ፣ ረሒማ ቴርሞስና ዳቦ ይዛ በግራ። ምሕረቱ ኮቱን ለብሶ ከኋላዋ መጥቶ ነበር።

ኤርጎጌ አሰላለፉን አየች።

«እናቴ ናት» አለች።

«አይደለችም፣ ልጄ። ቁጭ በይ።»

«አባቴ ነው! ንገሩኝ!»

«አይደሉም። መጀመሪያ ሻይ...»

«ታናሼ ነው! ሻይ አልፈልግም! ታናሼ ነው አይደል?»

ጋሽ ሀቢሶ እንደ ልማዳቸው ከሩቅ ጀመሩ። «ሰው በዚህ ዓለም እንግዳ ነው። በእጁ ያለውም ሁሉ የተሰጠው ለጊዜው ነው። የሰጠ ይወስዳል...»

«ጋሼ፣ በአላህ ቶሎ ይበሏት!» አለ ሙደሲር። «በድንጋጤ ልትሞትብን ነው!»

«ሙሾሽ ተወስዷል» አሉ ጋሽ ሀቢሶ።

ኤርጎጌ አየቻቸው። «ምን?»

«ሙሾው። ሴትዮዋ ወስዳዋለች። ከቅዳሜ ጀምሮ የምትዘምረው እሷ ናት።»

«ሰው አልሞተም?»

«አልሞተም። ትናንት ሆሳዕና ደውዬ አንድ በአንድ አረጋግጫለሁ። ላማችሁም ደህና ናት።»

ኤርጎጌ ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ የዳቦ ሣጥን ላይ ቁጭ ብላ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሙደሲርም አብሯት መሳቅ ጀምሮ ነበር፤ ረሒማ በክርኗ ስትጎሽመው ተወ። ከዚያ እንባው ሳቁ ካለቀ በኋላም አልቆመም።

«አልቅሺው አንቺዬ» አለቻት ረሒማ፣ ክንዷን ይዛ። «ይውጣልሽ።»

«ማን ወሰነ?» አለች ኤርጎጌ በመጨረሻ።

«ተጠየቅኩ፤ መለስኩ» አሉ ጋሽ ሀቢሶ። «የሚያለቅሰው ማነው አሉኝ። ልጅ ናት አልኩ። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አላየሁም። ብዋሽ ይሻል ነበር?»

«እኔ ዋሽቼዎት አይደል እዚህ የደረስነው?» አለች። «ሰላምታ እያቀረበላት ነው ብዬዎት።»

«ቅዳሜ ካልሽ እንቀራለን። አሥራ ሁለታችንም።»

ኤርጎጌ አፍንጫዋን ጠረገች። የሱቁን መዝጊያ ማንሣት ነበረባት፤ ሰው በዳቦ ተራ መቆም ጀምሯል።

«ከቀራችሁማ ትሞታለች» አለች። «ያን ጊዜ ‹ሰዎችሽ ጥለውን ቀሩ› ብለው ሙሾውን ለሌላ ሰው ነው የሚሰጡት። እኔን እንግዲህ የት አይተውኝ?»

መዝጊያውን አነሣች። «ሳውቦና፣ ሲሲ» ሲል በዙሉኛ ሰላም አላት የመጀመሪያው ደንበኛ። ሁለት ዳቦ ሰጠችው።

በቀሩት አምስት ቅዳሜዎች ታሉማ አልሞተችም። ሙሾውን ኢላሪያ ዘመረችው። በአማካይ አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ፈጅቶባታል፤ ይህም ኤርጎጌ ከዘመረችበት በሃምሳ ሰከንድ ይረዝማል። በእነዚህ አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንዶች ኤርጎጌ የኢላሪያን ግራ ክንድ፣ ከክርኗ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ነበር።